ግንባሬ አልሸበሸብ ያለ ዕለት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ወር በገባ በአንድ፣ በልደታ ዕለት ጠዋት ነው። የማልረሳው ስለ ፈራሁ ብቻ አይደለም። ብዙ ማንበቤ ያን ያህል ጉድ ሠርቶኝ ስለማያውቅ ነው።

አፌን ስጉመጠመጥ ውሃው በቀኝ ከንፈሬ ጥግ ወርዶ ሸሚዜን አራሰው። መስታወት ሳይ የፊቴ ቀኝ ግማሽ ተንጠልጥሏል። ፈገግ ስል የሚስቀው ግራው ብቻ ነው። ቀኝ ዓይኔም አልከደን አለ።

ስለ አንጎል ያላነበብኩት የለም ብዬ የምኮራ ሰው ነኝ። ቀኝ ፊት ከወደቀ ግራ አንጎል ተመቷል፤ የንግግር መቀመጫ ደግሞ እዚያው ነው። ለእኔ ነገሩ አበቃ። አባቴ በስትሮክ አንደበቱ ተዘግቶ አራት ዓመት ተኝቷል። ያስታመመችው እናቴ ናት፤ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም አብረን ነው የምንኖረው። ያንን ፊት ዳግመኛ እንድታይ አልፈለግኩም። ማስክ አጥልቄ፣ በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወደ ሐኪም ቤት ወጣሁ።

መንገዱ ልደታን በሚሳለም ሕዝብ ተጨናንቆ ታክሲ የለም። ልደታ ማርያም በር አጠገብ ስደርስ ታክሲ እስካገኝ ጧፍ ከሚሸጡ አንዲት አሮጊት ጎን ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ቃላት እየጠፉብኝ እንደሆነ ለማወቅ ወራቱን ድምፄን አውጥቼ ቆጠርኩ። መስከረም፣ ጥቅምት እያልኩ ነሐሴ ላይ ደርሼ ቆምኩ።

«ጳጉሜንስ የት ጣልካት?» አሉኝ አሮጊቷ።

በቃ፣ ጀመረኝ አልኩ። እንባዬ መጣ።

«ምን ሆነህ ነው? እስቲ ያን ጨርቅ አውልቀው።»

አወለቅኩ። እንደ ገበያ ዕቃ አገላብጠው አዩኝ። ሁለት እጄን አስነሱኝ፤ ሁለቱም ተነሱ።

«አሁን ግንባርህን ሸብሽብ። ቅንድብህን ወደ ላይ፣ እንደ ደነገጠ ሰው።»

«ደንግጫለሁ እኮ፣ እትዬ!»

«እንግዲያው አይከብድህም። ሸብሽብ!»

ሞከርኩ። ግራው ተጨማደደ። ቀኙ እንደ ተተኮሰ ነጠላ ለጥ ብሎ ቀረ።

«እሰይ!» ብለው አጨበጨቡ።

«ምኑ ነው እሰይ?» አልኩ ተናድጄ።

«ከአንጎል ቢሆን ግንባርህ መሸብሸቡን ባልተወ። ግንባር ትእዛዙ ከሁለቱም ወገን ነው የሚመጣለት፤ አንዱ ቢቋረጥ ሌላው ይደርሳል። ያንተ ያበጠው ከጆሮ ሥር የሚወጣው ነርቭ ነው።»

«ይህን በምን አወቁ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት የነርቭ ክፍል ወለል ወልውያለሁ። ሐኪሞቹ ለተማሪ ሲያስረዱ እኔም መወልወያዬን ይዤ እሰማለሁ። ተማሪዎቹ ፈተና እየፈሩ፣ እኔ ደግሞ ማንም ሳይፈትነኝ።» ተነሡ። «ግን እኔ ሐኪም አይደለሁም። ና፣ አሁኑኑ እንሂድ።»

ጧፋቸውን አጠገባቸው ላለችው ሻጭ አደራ ብለው ክንዴን ያዙኝ። ከመንገዱ ዳር ግንባታ የሚነሣው አቧራ ዓይኔን እንዳይጎዳው በመሐረባቸው ሸፈኑልኝ። በመጽሐፎቼ ውስጥ ፊትን ስለሚያንቀሳቅሰው ስለዚህ ነርቭ፣ ስለ ሰባተኛው፣ ሙሉ ምዕራፍ አለ። አንብቤዋለሁ፤ ከሥሩም አስምሬበታለሁ። ያን ቀን ግን የመራችኝ መወልወያ ናት።

ሐኪም ቤት አንዲት ወጣት ሐኪም መርምራኝ ያንኑ ቃል በቃል ደገመችው። እትዬ በሩ ላይ ቆመው «አላልኩም?» አሉ።

«ጳጉሜንን መርሳቴስ?» አልኳት ሐኪሟን።

«ደሞዝ የሌላትን ወር ማን ያስታውሳታል?» ብላ ክኒኑንና የዓይን ጠብታውን ጻፈችልኝ።

ማስኬን መልሼ አጥልቄ ቤት ስደርስ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ማስኬን ራሷ አወረደችው። ፊቷ አመድ መሰለ። ጉንጮቼን በሁለት እጇ ያዘች።

«ተናገር» አለችኝ።

«ምን ልበል፣ እማዬ?»

«የፈለግከውን። ብቻ ተናገር።»

በየለቅሶውና በየሠርጉ ከሰው ስከራከር «ኧረ በፈጠረህ ዝም በል» ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። ከጆሮ ሥር ስለሚወጣው ነርቭ ከመነሻው ጀመርኩላት። እስከ ምሳ ድረስ አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም።

ፊቴ በሁለት ወር ገደማ ተመለሰ። እናቴም ዝም በል ማለቷን እንደገና ጀምራለች። ድሮ ያናድደኝ ነበር፤ አሁን ደስ ይለኛል።