ወደ ውስጥ የተባለ አዎ

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው ይሁን አይሁን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው አልሞተበትም። የአንዲት ትንሽ ጀልባ ጎን ተሰበረ፣ የአንድ ሽማግሌ ክንድ ተሰበረ፣ አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ወደ ድሮ ሥራው ተመለሰ፤ በቃ። እዚህ አትላንታ ከዚህ የባሰ ነገር በየቀኑ ይደርሳል። ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለአባቴ አልነገርኩም፣ ለእናቴ አልነገርኩም፣ ዶርም አብሮኝ ለሚኖረው ልጅም አልነገርኩም። አሁን ሚድታውን ውስጥ የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አስተማሪዎቼ ጠንቃቃ ነው ይሉኛል። ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር የራሴን ፊት በጥፊ መምታት ያምረኛል። ስለዚህ ለማላውቅዎ ለእርስዎ እናገራለሁ። አደራ፣ እንዳያዝኑልኝ።

ጋሼ ይማም የአባቴ ጓደኛ ናቸው። ወሎ፣ ሐይቅ፣ ውሃው አጠገብ አድገው፣ ዲቪ ደርሷቸው የመጡ ሰው ናቸው። አትላንታ አጠገብ ዱሉዝ ውስጥ መስኮት በሌለው ቀዝቃዛ መጋዘን የዓሣ ሣጥን ያራግፉ ነበር። ዴል የሚባል አሜሪካዊ ሽማግሌ በየሳምንቱ ከባሕር ዳርቻ ዓሣና ሽሪምፕ በትራክ እየጫነ ያመጣላቸዋል። ዴል የራሱ ጀልባ ነበረችው፤ በጆርጂያ ዳርቻ ባሉት ትናንሽ የዓሣ ወደቦች እየዞረ ከአጥማጆቹ ይረከባል። ጉልበቱ ግን እየደከመ ነበር፤ የሚተካው ልጅም አልነበረውም። ጋሼ ይማም የዓሣውን ዓይን አይተው፣ ሥጋውን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው፣ የዛሬውን ከትናንቱ ሲለዩ ዴል ብዙ ጊዜ ተመልክቷል። አንድ ቀን፣ አንድ ሳምንት አብረኸኝ ውጣ፣ ከተግባባን ከሰመር ጀምሮ ጀልባዋን አንተ ትይዛታለህ አላቸው።

ጋሼ ይማም ይህን ለአባቴ ሲነግሩ እኛ ሳሎን መሀል ቆመው ነበር፤ መቀመጥ አልቻሉም። ያኔ አርባ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ከዚያ መጋዘን ሲወጡ ጣታቸው እሺ ብሎ እንደማይታጠፍ፣ በክረምት ፀሐይ የሚያዩት በዕረፍት ቀናቸው ብቻ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እንግሊዝኛቸው ግን አጭር ነው። "ነስሩ ይከተለኝ" አሉ፤ ነስሩ እኔ ነኝ። አባቴ ፈቀደ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ የሃይስኩል ስፕሪንግ ብሬክ ደርሶልኝ ነበር፣ ደስ እንዲላቸው ብዬ እሺ አልኩ። ሰው ሁሉ በእኔ ደስ እንዲለው እፈልግ ነበር። ይህ ደግነት ይመስልዎታል? እኔም ይመስለኝ ነበር።

ማርች ወር ነው። ባሕሩ ገና ቀዝቃዛ፣ አየሩ ግን ሞቃት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ጉም ይተኛበታል። ከረግረጉ ሣር ላይ ይነሣና ወንዙን ይሞላል፣ ከወንዙ ወደ ባሕሩ ይወጣል። ከጀልባዋ ፊት የቆመውን ሰው ከመሪው ጋ ሆነው ሲያዩት ጥላ ብቻ ነው። በዚያ ውስጥ ዳርቻውን ይዘን ቀስ እያልን ከአንዱ ወደብ ወደ ሌላው እንሄዳለን። ወደብ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስልዎት፤ ውሃው ላይ የተሠራ የእንጨት መተላለፊያ፣ አንድ የበረዶ ቤት፣ ኦይስተር የሚሉት የባሕር ምግብ ቅርፊት ክምር፣ መረባቸውን ከፍ አድርገው የሰቀሉ አምስት ስድስት የሽሪምፕ ጀልባዎች፣ ይኸው ነው።

ጋሼ ይማም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኑ። ገመድ ያስራሉ፣ በረዶ ያካፋሉ፣ የተረከብነውን ዓሣ በየሣጥኑ ይደረድራሉ። ዴል ይማም ማለት ሲያቅተው ጂም አላቸው። "ጂኒ ካላለኝ ምን ቸገረኝ" ብለው ሳቁ። ኮምፓስ ማንበብ የተማሩት ለሶላት ነው፤ ቂብላው ወዴት እንደሆነ ለማወቅ አሳየኝ አሉት። በሦስተኛው ቀን ዴል ራሱ አቅጣጫ ይጠይቃቸው ጀመር። በዚያው ቀን ለብቻዬ ጠርቶ፣ ይህ ሰው ይሆነኛል፣ ንገረው አለኝ። ትራንስሌት አደረግኩላቸው። ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጋሼ ይማም አዎ የሚሉት አገር ቤት እንደሚባለው ነው። ያውቁታል፤ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ይደረጋል፣ ትከሻ ትንሽ ከፍ ይላል፣ አለቀ። እናቴ ስልክ ስታወራ ግማሹ ንግግሯ ይኸው ነው። አሜሪካኖች ግን ድንጋጤ ይመስላቸዋል። ዴል በመጀመሪያው ቀን፣ ምን ሆነ፣ ልቡን አመመው እንዴ ብሎኝ ነበር። አስረዳሁት። ገባው፤ ሆኖም ሞተሩ ሲሠራ ያ ትንፋሽ እሱ ጋ አይደርስም። ስለዚህ ደንብ አወጣ። ጉም ሲሆን ጂም ፊት ላይ ሆኖ ያዳምጣል፣ ነስሩ መሀል ይቆማል፣ ጂም ያለውን ነስሩ ለእኔ ጮክ ብሎ ይነግረኛል። አንድ ሥራ ነበረኝ። አንድ ብቻ።

በአራተኛው ቀን አንድ ወደብ ገባን። አጥማጆች ተቀምጠው መረብ ይጠግኑ ነበር። አንደኛው ጋሼ ይማምን በረዶ ትፈልጋለህ ወይ አላቸው። ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ። ሰውየው ደገመው፤ እሳቸውም ደገሙት። ከዚያ ያ ሰው ደረቱን በእጁ ይዞ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ሊሰምጥ እንደደረሰ ሰው ትንፋሹን ሳበ። ይህ ሰውዬ ውሃ ይፈራል እንዴ፣ ታዲያ ጀልባ ላይ ማን አወጣው አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ጋሼ ይማም እኔን አይተው አብረው ፈገግ አሉና "ምን አሉ?" ብለው ጠየቁኝ።

"ዘንድሮ ዓሣው ጥሩ ነው አሉ" አልኳቸው።

አፈርኩባቸው። እውነቱ ይኸው ነው። በሚያላግጡት ሰዎች መናደድ ሲገባኝ በእሳቸው ተናደድኩ። ለምን በእነሱ አልተናደድኩም? ብናደድባቸው አይወዱኝማ! ወደ ጀልባዋ ስንመለስ፣ ጋሼ፣ እባክዎ እንደ ሰው የስ ይበሉ አልኳቸው። እንደ ሰው አልኩ። ይህን ቃል ከአፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያስተማረኝ የለም። እሳቸው ቀልድ መሰላቸው። "አርባ ስምንት ዓመት ወደ ውስጥ ስለው የኖርኩትን ባንድ ቀን ወደ ውጭ ልገልብጠው?" አሉ። ቀጥለውም ትከሻዬን መታ አድርገው "እሞክራለሁ፣ የኔ ጌታ። ካመለጠኝ አንተ አለህልኝ" አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጉሙ ከሌላው ቀን ሁሉ የባሰ ነበር። ወንዙ ባሕሩን የሚገናኝበት ቦታ ስንደርስ ዴል ሞተሩን ዝቅ አደረገ። ጋሼ ይማም ከፊት ተንበርክከው፣ በአንድ እጃቸው የብረቱን ድጋፍ ይዘው፣ ጆሯቸውን ለጉሙ ሰጥተዋል። ዴል፣ የሚሰማው ነገር ካለ ጠይቀው አለኝ።

"ጋሼ፣ የሚሰማ ነገር አለ?" ብዬ ጮህኩ።

ትከሻቸው ከፍ ሲል አየሁ። ትንፋሹንም ሰማሁት።

ሰማሁት። ደግሜ የምጽፈው ከዚያ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ አልሰማሁም ስላልኩ ነው። እኔ ሰማሁት። አለ አሉ። ዴል ምንም ስላልሰማ መልሱን ከእኔ ለመቀበል ወደ እኔ ዞረ። እኔም ዝም አልኩ። ረስቼ አይደለም፣ ተደናግጬ አይደለም። የስ ብለው በአፋቸው እስኪናገሩ ድረስ አልናገርላቸውም፣ ይልመዱ አልኩ በልቤ። ላስተምራቸው ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላኝ እኔ አባቴን የሚያህሉ ሰው አዎ ማለት ላስተምር ነበር። ስንት ሰከንድ ነው? አምስት? ስድስት? በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ምን ተሰማኝ ብለው ቢጠይቁኝ እነግርዎታለሁ፤ ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ዴል ዝምታዬን ምንም የለም ማለት ነው ብሎ ወሰደው። ሞተሩን ከፍ አደረገ።

ጋሼ ይማም ዘወር አሉ። "አለ አልኩህ እኮ" አሉ። ወዲያው የሽሪምፕ ጀልባው ፊት ከጉሙ ውስጥ ወጣ።

ዴል መሪውን ሲጠመዝዝ ጀልባው ጎናችንን መታን። እሱ ከመቀመጫው ተወርውሮ ክንዱ ላይ ወደቀ። ጋሼ ይማም ከሁሉ በፊት የመጡት ወደ እኔ ነው። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ደህና ነህ፣ ደህና ነህ ወይ ይሉ ነበር። ከዚያ ባልዲ አንሥተው የሚገባውን ውሃ ይደፉ ጀመር፤ እኔ በሬዲዮ እርዳታ ጠራሁ። የመታን ጀልባ ጎትቶ ወደ ወጣንበት ወደብ መለሰን።

ዴል የወደቡ እንጨት ላይ ተቀምጦ፣ ክንዱን አቅፎ፣ ፊቱ ነጭ ሆኖ ጠየቀኝ። መለሰልህ ወይስ አልመለሰልህም? እነዚያ አጥማጆች ከበውን ቆመዋል። ጋሼ ይማም ከጎኔ ናቸው፤ ልብሳቸው ውሃ ያንጠባጥባል።

"ኖ" አልኩ።

ብዙ እንግሊዝኛ የማያውቁት ጋሼ ይማም ይህችን ቃል ያውቋታል። ዞረው አዩኝ። አጥማጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ ራሱን ነቀነቀ። ዴል በደህናው እጁ ጉልበቴን ያዘና ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ አንተ ጎበዝ ልጅ ነህ አለኝ። አመሰግናለሁ አልኩት። ምኑን? ምኑን ነው ያመሰገንኩት?

ወሬው አትላንታ ከእኛ ቀድሞ ገባ። ይማም ጠብቅ ተብሎ ተኛ ተባለ። ኢስት ፖይንት ያሉ ሾፌር ጓደኞቻቸው ካፒቴን የሚል ስም አወጡላቸው። ጁምዓ ሰግደው ሲወጡ፣ ካፒቴን፣ ዛሬስ ነቅተህ ነው የሰገድከው ይሏቸዋል። እሳቸው ይስቃሉ፣ ጫማቸውን ያደርጋሉ፣ ይሄዳሉ። ትንሽ ቆይተው ሌላ መስጊድ መስገድ ጀመሩ። እኔን ደግሞ አባቴ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያስተዋውቀኝ ጀመር፤ በዚያ ሁሉ ጉም ውስጥ ሳይደናገጥ በሬዲዮ እርዳታ የጠራው ልጄ ይህ ነው እያለ። እውነት ነው፣ ጠርቻለሁ። እንግሊዝኛዬ በጣም ጥርት ያለ ነበር። እንግዶቹ ማሻአላህ ሲሉ አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ፤ ትሕትና ይመስላቸዋል።

ሰባት ወር ዝም አልኩ። በኦክቶበር አንድ ቀን፣ መኪና መንዳት እንደጀመርኩ፣ ወደ ዱሉዝ ሄጄ መጋዘኑ ጀርባ ፓርክ አደረግኩ። ጋሼ ይማም ለምሳ ወጥተው ባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። ምን እንዳደረግኩ መንገር አላስፈለገኝም፤ እዚያው ነበሩ። ለዴል ደውዬ እውነቱን ልነግረው ነው ብቻ አልኳቸው። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ቆይተውም ዴል በሰመር እንደደወለላቸው ነገሩኝ። ክንዱ ድኗል፣ ጀልባዋ ተጠግናለች። የልጁ ነገር አልተዋጠልኝም፣ አንተው ራስህ ንገረኝ፣ መልሰህለት ከነበረ ና፣ ጀልባዋ እየጠበቀችህ ነው ብሏቸዋል።

"ተኝቼ ነበር አልኩት" አሉ። "በእንግሊዝኛዬ። አይ ስሊፕ አልኩት።"

ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"እኔን እንቅልፋም ቢለኝ ምን እሆናለሁ? አንተን ግን ውሸታም ሊልህ ነው። አንተ ገና ትምህርት ቤት ነህ። ተወው፣ አትደውል። አባትህም እንዳይሰማ።" ይህን ብለው የምሳ ዕቃቸውን ዘጉ፣ ጓንታቸውን አጠለቁና ወደ ቅዝቃዜው ተመለሱ።

ተናደድኩ። እስካሁንም ንዴቱ አለቀቀኝም። ማን ለምኖዎት ነው ልላቸው ፈልጌ ነበር። ቢሰድቡኝ፣ ለአባቴ ቢነግሩ፣ በሰው ፊት ቢያዋርዱኝ እችለው ነበር። ይህን ግን የት ላድርገው? ሆኖም ምን እንዳልኩ ያውቃሉ? እሺ ጋሼ አልኩ። የዴል ስልክ ቁጥር ኪሴ ውስጥ ነበር። ታላቅ ከከለከለ አይደረግም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ውሸት ነው። ስለከለከሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያን ቀን ጀልባዋ ገና ሰው አልያዛትም፤ አንድ ስልክ ይበቃ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ዝም ያልኩት ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሁሉም ነገር እየታየኝ ነው።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሰው ሳልጠይቃቸው ይቅር ብለውኛል፤ ዋጋውንም የከፈሉት ራሳቸው ናቸው። ልጅ ነበርኩም አልልም። ልጅ የማያውቀውን ነው የሚያጠፋው፤ እኔ አውቅ ነበር። ጉም ነበር፣ ሞተር ይጮህ ነበር፣ አልልም። ሰምቼ ዝም አልኩ፣ ተጠይቄ ዋሸሁ፣ ማስተካከል ስችል እንቢ አልኩ። ጋሼ ይማም ዛሬም እዚያ መጋዘን ናቸው። ዴል ጀልባዋን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ከሥራው ወጣ። የመጨረሻውን ጭነት ዱሉዝ ያመጣው ራሱ ሲሆን ሣጥኖቹን ያራገፉለት ጋሼ ይማም ናቸው፤ ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 1999።