የልጃችን መኝታ ቤት

በደርግ ጊዜ ገርጂ በኩል የቤት መሥሪያ ቦታ ተመራን። ያሠራነው ፕላን ሁለት መኝታ ቤት ነበረው፤ አቅማችን ግን ከአንድ አያልፍም። ፕላን ነዳፊው «አንዱን መኝታ ቤት እንተወው» ሲል እምቢ አልኩ። በብሔራዊ ውትድርና የዘመተው አንድ ልጃችን ሲመለስ የት ሊተኛ ነው? ሳሎኑን አጠበብን፤ በረንዳውንም ተውነው።

መሠረቱ ሳይቆፈር መርዶው መጣ። ከአርባው በኋላ ለባለቤቴ ሳልነግር ነዳፊው ዘንድ ሄድኩ።

«የልጁን ክፍል ሰርዘው» አልኩት።

«እትዬ፣ ትንሽ ቆይተው ቢያስቡበትስ?»

«አስቤበታለሁ።»

ቀና ብሎ ሳያየኝ ክፍሉ የተሳለበትን ቀለም ከወረቀቱ ላይ በምላጭ ፋቀው።

ባለቤቴ ፕላኑን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብዙ አየው። «ምነው እንዲህ አደረግሽ?» አለና እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። በመርዶው ቀን እንኳ እንዲያ አላለቀሰም። ቤቱን በአቅማችን ሠርተን ገባን።