የበለሷ መርዶ

ባለፈው ሳምንት ከክፍል ስመለስ የዶርም ጓደኛዬ ኬሊ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝና አቀፈችኝ። ደነገጥኩ። ከቤት ተደውሎ ይሆን? ከዚያ ትከሻዬን ይዛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “በጣም አዝናለሁ፤ ተክልሽ ሞታለች” አለችኝ። መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው በለሴ የመጨረሻ ቅጠሏን ጥላ፣ ከአፈር የወጣች ግራጫ ዱላ መስላ ቆማለች። ኬሊ የረገፉትን ቅጠሎች ለቅማ፣ በናፕኪን ጠቅልላ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣልኛለች።

ሳቄ መጣ፤ ግን ዋጥኩት። በዚህ ጉዳይ በኬሊ ላይ የመሳቅ መብት የሌለው ቤተሰብ ቢኖር የኛ ነው። እሷ ያቀፈችኝ ለአንዲት ዱላ ነው። እኛ ደግሞ ለአንዲት ዱላ መርዶ ነጋሪ ይዘን፣ ወጥ ሠርተን፣ ከምንኖርበት ከጋርላንድ ፕሌኖ የሚባል ሌላ ከተማ ድረስ ሄደናል።

ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። በለሷ፣ እሾሃማው ቁልቋል ሳትሆን ቅጠላሟ የበለስ ዛፍ፣ የኛ አልነበረችም፤ የጋሽ ደምሴ ነበረች። ጋሽ ደምሴ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ከጎረቤት የተሰጣቸውን ቅርንጫፍ ታቹ በተበሳ ትልቅ ባልዲ ተክለው አሳደጓት፤ እሳቸው ሲያርፉ በለሷ ለጋሽ ደምሴ ቀረች። መሬት ያልነካችው ጋሽ ደምሴ አፓርትመንት ስለሚኖሩ ነው። የኪራይ ውል አልቆ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ቤት ይቀይራሉ፤ ባልዲዋም በሰው ፒክአፕ ተጭና አብራቸው ትዞራለች። ጁላይ ላይ፣ የፓርኪንጉ አስፋልት ጫማ በሚያለሰልስበት ሙቀት፣ ፍሬዋ ይደርሳል። ልጣጩ ሐምራዊ፣ ውስጡ ቀይ፣ ከሥሩ አንዲት የማር ጠብታ የምታንጠለጥል። ጋሽ ደምሴ እሑድ በሳህን ይዘው መጥተው ከአምልኮ በኋላ ለኛ ለልጆቹ ያድሉን ነበር። ጣታችን እርስ በርሱ እስኪጣበቅ እንልሰዋለን።

በዚያ ዓመት ኖቬምበር ላይ፣ ከታንክስጊቪንግ በዓል ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ጋሽ ደምሴ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ኦፕራሲዮን ሆኑ። ልጃቸው ሰላማዊት ፕሌኖ ወዳለው ቤቷ ልትወስዳቸው ወሰነች፤ አፓርትመንቱም መለቀቅ ነበረበት። ለአባቴ ደውላ፣ “ሶፋውን ልጣለው ስላቸው ግድ የላቸውም፤ በለሴን ለማን ሰጠሻት እያሉ ግን ዓይን ዓይኔን ያዩኛል” አለችው።

“ለኔ ስጪኝ” አለ አባዬ።

አባዬ ያደገው አርባ ምንጭ ነው። ኤርፖርት ሻትል ይነዳል እንጂ ልቡ ያለው ማንጎ ሥር ነው። ጋሽ ደምሴ ከሐኪም ቤት አልጋቸው ደውለው ስለ አያያዟ ሊነግሩት ሲጀምሩ፣ “ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ይረፉ። የአርባ ምንጭ ልጅ ስለ ዛፍ ይነገረዋል?” ብሎ አቋረጣቸው። በኋላ የደረሰብን ሁሉ የመጣው ከዚህች አንዲት ንግግር ነው። የአርባ ምንጭ ማንጎ ክረምት ከበጋ እንደለበሰ ነው፤ ቅጠሉን ሁሉ አራግፎ ራቁቱን ሲቆም ያየው ሰው የለም።

በለሷ ስትመጣ ቅጠሏ ገና እንደ ሰው መዳፍ ሰፊ ነበር። ማሚ ሶፋውን ገፋ አድርጋ ሳሎን አስገባቻት፣ ሙቀት በሚወጣበት በሂተሩ አፍ አጠገብ። ማሚ የምትሠራው አረጋውያን የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ስለሆነ በለሷንም እንደ አንዲት አሮጊት ነው የያዘቻት። ጠዋት ጠዋት ውሃ ታጠጣታለች፤ ቅጠሎቿን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች፤ አንድ ጎኗ ብቻ ፀሐይ እንዳያገኝ ባልዲዋን ታዞራለች። አባዬ ሲስቅባት፣ “የሰው አደራ በብርድ አይቀመጥም” ትለዋለች።

ዲሴምበር ሲገባ ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ። ከዚያ መርገፍ ጀመሩ። ሶፋው ላይ ተቀምጠን እያወራን፣ ጠፍ፣ ምንጣፉ ላይ አንዱ ይወድቃል፤ ወሬያችን ይቆማል። ማሚ ውሃ ጨመረች። ሌላ ወደቀ። ውሃ ቀነሰች። ሌላ ወደቀ። አባዬ ሂተሩን ከፍ አደረገው። ማሚ ምግብ ስንባርክ ስሟን ጨምራ ትጸልይላት ጀመር። በመጨረሻ ባዶ እንጨት ብቻ ቀረ።

ጋሽ ደምሴ ደግሞ እሑድ እሑድ ይደውላሉ።

“በለሴ እንዴት ናት?”

“ደህና ናት ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን” ትላለች ማሚ፣ ዓይኗን ከእንጨቷ ላይ ሳታነሳ።

አንድ እሑድ ሰላማዊት ስልኩን ከአባቷ ተቀብላ ወደ ኪችን ሄደች። እንዳይሰሟት በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። “ፊዚካል ቴራፒውን እምቢ አሉኝ እኮ። ከሶፋው አይነሱም። ትንሽ የሚነቃቁት ጁላይ ላይ ቆሜ በእጄ እለቅማታለሁ ሲሉ ብቻ ነው። እሷ ባትኖር፣ እኔ እንጃ።” ማሚ ስልኩን ዘግታ የባልዲዋን አፈር በጣቷ ነካች።

እኔ ስልኬ ላይ ፈልጌ ነበር። አንዱ ውሃ በዝቶባት ነው ይላል፤ ሌላው ውሃ አንሷት ነው ይላል፤ ሦስተኛው በብርድ ወራት ትተኛለች ይላል።

“ማሚ፣ ማለቴ፣ ተኝታም ሊሆን ይችላል እኮ” አልኳት።

“የሞተ ሁሉ ተኝቷል ነው የሚባለው” አለ አባዬ። “ፓስተርም ቀብር ላይ እንደዚያው ነው የሚለው።”

እኔም እርግጠኛ ስላልነበርኩ አልገፋሁበትም። ሳሎናችን ሰው በቲሸርት የሚውልበት ነው፤ ብርዱ መግባቱን ማን ነግሯት ትተኛለች?

ማሚ ውሳኔዋን ራት ላይ ነገረችን። “እየዋሸሁ ልኖር አልችልም። በስልክም አይነገርም። ሰው ይዘን እንሂድ።”

ሰው ማለት ወንድም መኮንን ናቸው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ከአገር ቤት መርዶ ሲመጣ ለባለቤቱ የሚነግሩት እሳቸው ናቸው። እንደሳቸው የዋህ ሰው አላውቅም፤ ግን ጠዋት ሲደውሉ ስልክ ለማንሳት የሚደፍር የለም። አባዬ ጉዳዩን ሲነግራቸው ስፒከር ላይ ስለነበሩ ሁላችንም ሰማን።

“ዛፍ ነው ያልከኝ?”

“ዛፍ ነው ወንድም መኮንን። ግን የእትዬ አስቴር ዛፍ ናት።”

“እንግዲያው በጠዋት ነው የሚኬደው” አሉ።

ቅዳሜ ማለዳ ወጣን። የመኪናው መስታወት ላይ የተጋገረውን በረዶ አባዬ በሱፐርማርኬት ካርዱ ፋቀው። ማሚ ልቅሶ ቤት እንደሚኬደው ድስት ሙሉ ምስር ወጥ ይዛለች፤ የድስቱ እንፋሎት የኋላውን መስኮት አላበው። ቦርሳዋ ውስጥ ደግሞ ከበለሷ ጫፍ የቆረጠቻትን አንዲት ቅርንጫፍ በናፕኪን ጠቅልላለች። “ለመታሰቢያ” አለችኝ ስጠይቃት። ለሰላማዊት አልደወልንላትም፤ መርዶ የሚሄድ ሰው መጣሁ አይልም። ቶል ዌዩ፣ የሚከፈልበት አውራ ጎዳና፣ ባዶ ነበር። ወንድም መኮንን ከፊት ወንበር ሆነው፣ “ልባቸው ደህና ነው?” ብለው ጠየቁ። “ደህና ነው” አለ አባዬ። “ጥሩ። ቀስ ብለን ነው የምንነግራቸው።”

ሰላማዊት በሩን ከፍታ እኛን ስታይ ፈገግ አለች። ከኋላችን ወንድም መኮንንን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ጋሽ ደምሴ ሶፋው ላይ ሆነው አጥሚት እየጠጡ ነበር። ኩባያውን አስቀመጡና ብርድ ልብሱን ከጉልበታቸው ገፈው ተስተካክለው ተቀመጡ። ወንድም መኮንን አጠገባቸው ሆነው እጃቸውን ያዙ።

“ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎ በእምነት የጸኑ ሰው ነዎት። በዚህ ምድር የበቀለ ሁሉ ጊዜ አለው…”

“ታላቄ ነው?” አሉ ጋሽ ደምሴ።

ታላቅ ወንድማቸው ደሴ ነው የሚኖሩት። ታመው እንደሰነበቱ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለበለሷ ስንጨነቅ ግን አንዳችንም አላሰብነውም።

“ቆይ እስቲ ጋሽ ደምሴ፣ ቀስ ብለን…”

“ታላቄ ነው ወይ ነው የምለው።”

ፊታቸው አመድ መሰለ። ሽማግሌ እየተናገረ ልጅ እንደማይናገር አውቃለሁ፤ ስታዲየም ውስጥ ያለሁ ይመስል ነው የጮህኩት።

“ጋሼ፣ ሰው አይደለም። ማንም አልሞተም። በለሷ ናት።”

ወደ እኔ ዞሩ። “የቷ በለስ?”

“የእርስዎ።”

“ምን ሆነች?”

“ቅጠሏን አራገፈች።”

“ሁሉንም?”

“ሁሉንም ጋሼ” አለ አባዬ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ጋሽ ደምሴ አንድ በአንድ አዩን፤ ወንድም መኮንንን በሙሉ ሱፋቸው፣ ማሚን ከነድስቷ። “ዲሴምበር ነው እኮ” አሉ። “ምን ታድርግ ኖሯል? ኮት ትልበስ?”

ከዚያ ሳቁ። ሲጀምሩ ልቅሶ ነበር የመሰለኝ፤ ዳሌያቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ እንባቸው እየወረደ ነው የሳቁት። ሰላማዊት ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። “ገደላችሁኝ እናንተ ሰዎች” አለች።

አባዬ ግን አልተጽናናም። “ደርቃለች እኮ ጋሼ” አለ። ማሚ ናፕኪኑን ፈታ ቅርንጫፏን ሰጠቻቸው። ጋሽ ደምሴ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ልጣጩን ፋቅ አደረጉት። ከግራጫው ሥር አረንጓዴ ወጣ፤ እርጥብ፣ እንደ ለጋ ቃሪያ።

“የአርባ ምንጭ ልጅ፣ ይቺ ናት የሞተችው?”

ቅርንጫፏ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። ወንድም መኮንን መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩዋት። “በዕድሜዬ ይዤ ሄጄ ይዤ የተመለስኩት መርዶ ይኸው ነው” አሉ። ያኔ ማሚ አለቀሰች፤ ስንት እሑድ የያዘችውን ሁሉ።

ምስሩን ለቁርስ በላነው። ወንድም መኮንን ሁለቴ ጨመሩ። ያን ጠዋት አዲስ ያገኘነው ነገር አልነበረም፤ የነበረን ሁሉ እንዳለ መሆኑን ብቻ ነው ያወቅነው። እንደዚያ ቀን ግን ምግብ ጣፍጦኝ አያውቅም።

መሀል ላይ ጋሽ ደምሴ፣ “ለመሆኑ የት አስቀመጣችኋት?” አሉ።

“ሳሎን ጋሼ፣ ሂተሩ አጠገብ” አለች ማሚ ኮራ ብላ። “አንድም ቀን አልበረዳትም።”

ጉርሻቸው እጃቸው ላይ ቀረ። “ሂተሩ አጠገብ? ልጄ፣ ልትነቃ ነው እኮ። አሁን ከነቃች በዚህ ፀሐይ በሌለበት ነጣ ያለ ቅጠል አውጥታ አቅሟን ትጨርሳለች፤ ለሰመር ምን ሊተርፋት ነው? ውርጭ ይገድላታል፤ ብርድ ግን ያስተኛታል። የቤታችሁ ጋራጅ ይበቃታል።”

“ኦኬ ጋሼ፣ ዛሬውኑ አወጣታለሁ” አለ አባዬ።

“አንተማ እያየሁህ ነው የምታወጣት። ሰላም፣ ጫማዬን አምጪልኝ።”

ሰላማዊት ጫማውንና የመራመጃ መደገፊያቸውን ይዛ ስትመለስ እሳቸው የሶፋውን ክንድ ተደግፈው ቆመዋል። እሷና ማሚ ተያዩ። አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም፤ ቢናገሩ እሳቸው ተመልሰው የሚቀመጡ ይመስል።

ጋርላንድ ስንደርስ ጋሽ ደምሴ ከነካፖርታቸው የጋራጃችን በር ላይ ታጣፊ ወንበር ተዘርግቶላቸው ተቀመጡ። እኔና አባዬ ባልዲዋን አሮጌው ስኬትቦርዴ ላይ አውጥተን ገፋናት። “በሩ አጠገብ አይደለም፣ ነፋስ አለ። ከቤቱ ግድግዳ ጋር አስጠጋት። ውሃ አፈሩ አቧራ እንዳይሆን ያህል ብቻ።” አባዬ “እሺ ጋሼ” ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም፤ አርባ ምንጭንም አላነሳም። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ “አንቺ፣ ያቺን ጭራሮ አፈር ውስጥ ስኪያት” አሉኝ። “አፍሽ ፈጣን መሆኑን አይተናል፤ እስቲ እጅሽን እንይ።”

ፌብሩዋሪ ላይ መንገዱ ሁሉ በበረዶ ሲዘጋ ጋሽ ደምሴ ደወሉ። “አሁን ኮት ትልበስ” አሉ። አባዬ ሁለት ብርድ ልብስ ጠመጠመባት። ማርች መጨረሻ ላይ ጫፎቿ አረንጓዴ አፍንጫ አወጡ። ጁላይ ላይ፣ በለሷ በተወሰደችበት በሰላማዊት ጓሮ፣ ጋሽ ደምሴ በአንድ እጃቸው ምርኩዝ ይዘው፣ በአንድ እጃቸው ለቀሙ። የመጀመሪያውን ለወንድም መኮንን ሰጡ፤ “ለደከሙበት” ብለው።

ኬሊ ያዘነችላት ያቺ ጭራሮ ናት። የመታሰቢያዋ። የኬሊን ጣት ይዤ በጥፍሯ ልጣጩን አስፋቅኳትና አረንጓዴውን ስታይ በናፕኪን የጠቀለለችውን ወስዳ በፈገግታ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ዶርማችንም እንደ ሳሎናችን ሙቅ ስለሆነ አርብ ዕለት ዩኒቨርሲቲዬ ካለበት ከአርሊንግተን ጋርላንድ ድረስ ጭኔ ላይ አድርጌ ወሰድኳትና ከእናቷ ባልዲ አጠገብ አስቀመጥኳት። እናትየው አሁን ሰመሩን ፕሌኖ፣ ብርዱን ጋርላንድ ናት። የጋሽ ደምሴ ታላቅ ወንድምም እስከ ዛሬ ደሴ በሕይወት አሉ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ የማሚ ስልክ ጮኸ። ስክሪኑን አየችና፣ “ወንድም መኮንን ናቸው” አለች። አባዬ ሹካውን አስቀመጠ። ከስንት ዓመት በኋላም ያ ስም በጠዋት ሲወጣ ልባችን ይመታል። ማሚ አነሳች። ስታዳምጥ ትከሻዋ ቀስ እያለ ወረደ።

“አዎ ወንድም መኮንን፣ እኛም ሰምተናል፣ ዛሬ ውርጭ አለ ይላሉ” አለች። “አስገብተናቸዋል። ትንሿንም። ሁለቱም ተኝተዋል።”