አፈር የሚመስል ጭኮ

ባለፈው ጥር ለሥራ ሮቤ ሄጄ ሳለ አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ፣ ልጁ ሂክማ የከፈተችውን ኬክ ቤት ካላየህ ብሎ ጎትቶ ወሰደኝ። ሂክማ በአንድ ሰፊ ትሪ ላይ የባሌ ተራሮችን አናት ሰነቴን ሠርታዋለች፤ ጠፍ ሜዳውን፣ ጅብራውን፣ ሽበት ያበቀለውን ግራጫ ድንጋይ ሳይቀር። ጅብራው ክሬም ነው፤ ሜዳው ኬክ። «ከድንጋዮቹ አንዱ ብቻ ኬክ ነው፤ ሌላው እውነተኛ ድንጋይ» ትላለች ለሚገባው ሁሉ። «የለየ በነጻ ይበላል።» ሰዉ ጎንበስ እያለ ያያል፣ ይከራከራል፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። ወደ እኔ ዞረችና፣ «አጎቴ፣ እርስዎ ጋዜጠኛ ነዎት። ከእርስዎ ዓይን አያመልጥም» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ልጅቷ እጅ አላት። እኔ ግን ዓይኔ ድንጋዮቹ ላይ ተተክሎ፣ ልቤ ከዚያ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ወደ ነበረው የእናቴ ቤት ሄደ። በእሷ ዕድሜ ሳለሁ እኔም እንዲህ ያለ ነገር ሠርቻለሁ። የሠራሁት አፈር ነበር።

ኢሕአዴግ ከገባ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። የመሥሪያ ቤቶቹ ታፔላ በቁቤ፣ በላቲኑ የኦሮምኛ ፊደል፣ እየተጻፈ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥቡ ስላልመጣልኝ አባ ፉአድ ዳቦ ቤት ሊጥ አቦካለሁ። ለዒድ ሰሞን ከትርፍ ሊጥ ኤሊና ጃርት እየሠራሁ መስኮቱ ላይ እደረድራለሁ። የጃርቱን እሾህ በመቀስ ጫፍ ነው የማወጣው። ልጆች አባቶቻቸውን እየጎተቱ ይመጡ ነበር። አባ ፉአድ፣ «አንተ ልጅ፣ አላህ እጅ ሰጥቶህ ጭንቅላቱን ረሳው» እያሉ ይስቁብኛል። እውነታቸውን ነበር።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ፣ በአራት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ ራዚያ ከጎሮ መጣች። ጎሮ ላይ የእህል ነጋዴ አግብታ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ይወለዳል፤ ደንባችን ነው። ስንዴው ታጭዶ ኮምባይነሮቹ ሄደዋል፤ ከተማው በገለባ ብናኝ ተሸፍኗል። ራዚያ ዕቃዋን ሳታወርድ የጠየቀችው ምግብ አልነበረም።

«ሻያ ወንዝ ዳር ያለው አፈር አሁንም አለ?»

ሰው ለቤት ምርጊት የሚቆፍረው፣ ግራጫም ቢጫም የሚል አፈር ነው። ነፍሰ ጡር አፈር ሲያምራት አዲስ ነገር አይደለም፤ በየቤቱ ያለ ጉዳይ ነው፤ ሴቶች እየተሳሳቁ ያወሩታል። የራዚያ ግን ከሳቅ አለፈ። ፈርፍራ በሻርፗ ጫፍ ቋጥራ ትመጣና እንደ ቆሎ አንድ አንድ እያለች ትቆረጥማለች። አሸዋ በጥርስ መሃል ሲደቅ ከክፍሉ ማዶ ይሰማል። ሰሚው ጥርሱን ያመዋል።

እናቴ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ እኔም ተከተልኩ። ሲስተሯ ብርቄ ትባላለች፤ ቀልድ የማትወድ፣ ግን እጇ የለሰለሰ ሴት ነበረች። የራዚያን የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለበጠችና አየች።

«ደም አንሷታል። አፈር ትበያለሽ?»

«ኧረ እኔ!» አለች ራዚያ።

«ትበላለች፣ ሲስተር» አለች እናቴ። «ወላሂ ቤቱን ልትጨርሰው ነው።»

ሲስተር ብርቄ ክኒን ሰጠች። አፈሩን እንድታቆም፣ መጋቢት መጨረሻ ላይ ተመልሳ እንድትመጣ፣ ያኔም ካልተሻላት ጎባ ሆስፒታል እንደምትልካት ነገረችን። ክኒኑ ራዚያን አቅለሸለሻት፣ ሰገራዋንም አጠቆረባት። ፈርታ ከሳምንት በኋላ ተወችው። እናቴም አላስገደደቻትም። ሁላችንም የያዝነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጥፋተኛው አፈሩ ነው፤ አፈሩን ካቆመች ትድናለች።

ሐሳቡ የእኔ ነው። ጭኮ እናታችን ታቦካ ነበር፤ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ በቅቤ። ይህን አፈር አስመስዬ ብሠራው አምሮቷ ይወጣላታል አልኩ። የመጀመሪያውን በመዳፌ እያድበለበልኩ ሠርቼ አመጣሁላት።

«ይሄ ምንድነው?» አለች ሳህኑን እያዞረች። «የፍየል በጠጥ?»

«አፈር ነው።»

«ያ ከማል፣ ጓል ማን ያድበለብለዋል? ጓል ይሰበራል እንጂ።»

ልክ ነበረች። በማግስቱ ቅቤውን ቀንሼ ጠፍጣፋ አድርጌ ዳቦ ቤቱ ምድጃ ውስጥ አደረቅሁትና በመዶሻ ሰበርኩት። ስብራቱ ሸካራ፣ ጠርዙ ስለታም ሆነ። ቀለሙን ለማምጣት የተቆላ ተልባ ፈጭቼ ጨመርኩ። ራዚያ አሸተተችው። «መልኩስ እሺ። ዝናብ ዝናብ ግን አይልም።» አዲስ የሸክላ ማሰሮ ገዝቼ ውስጡን በውኃ አራስኩና ስብርባሪውን ሦስት ቀን ከደንኩት፤ የእርጥብ ሸክላ ሽታ ገባበት። «አይንኳኳም» አለችኝ ደግሞ። ገብስ ቆልቼ፣ ሸርክቼ፣ ከዱቄቱ ጋር አቦካሁት። በጥርሷ ስትነክሰው ተንኳኳ።

ያን ቀን ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች። እናቴና እኔ በሩ ላይ ቆመን እንጠብቃለን።

«ወላሂ» አለች በመጨረሻ፣ «ዝናብ ገባ።»

እናቴ እልል አለች፤ ወዲያውም አፏን በእጇ ያዘች። «ጎረቤት ሰምቶ ምን ይላል? ልጃቸውን አፈር እያበሉ እልል ይላሉ አይለንም?» ሦስታችንም ሳቅን። እንዲያ የሳቅንበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ እየሞላሁ አመጣላት ነበር። አልጋዋ ራስጌ ታስቀምጠዋለች። ከሥራ ስመለስ ስትቆረጥም እሰማለሁ፤ ደስ ይለኛል። አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ በጭኮውና በአፈሩ መካከል የነበረውን ልዩነት አንድ በአንድ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ መልኩን፣ ከዚያ ሽታውን፣ በመጨረሻ ድምፁን።

መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ ጀመረ። ሮቤ ጥቁር ጭቃ ሆነች፤ ጫማ የሚያወልቅ ጭቃ። የሻያ ዳርቻም ራሰ። ራዚያ ፊቷ ከቀን ወደ ቀን እየገረጣ ሄደ። ከበር እስከ ምድጃ ስትሄድ ቆማ ትተነፍሳለች። ከግድግዳው በኩል በረደኝ ብላ አልጋዋ ጥግ ጨርቅ አሰቀለች። ቀኑ ቀርቧል፣ ከብዷት ነው አልን።

በቀጠሮው ቀን ጤና ጣቢያ ይዣት የሄድኩት እኔ ነበርኩ፤ እናቴን ጉልበቷን አሟታል። ሲስተር ብርቄ የዓይኗን ቆብ ገልብጣ አየች። ፊቷ ጠቆር አለ።

«አሁንም ነጭ ነው። አፈሩን አላቆመችም?»

«አቁማለች» አልኩ።

«በምን አወቅህ?»

«በዓይኔ ያየሁት ነው፣ ሲስተር። የምትበላው እኔ የሠራሁትን ነው። ደግሞ ውጭ ጭቃ ነው፤ ደረቅ አፈር ከየት ታመጣለች?» ከኪሴ አንድ ቁራጭ አውጥቼ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው፤ ፈራ ተባ እያለች ነከሰችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት።

«ቱ! አፈር ነው ብዬ ልደነግጥ ነበር» አለች። ከዚያ ወደ ራዚያ ዞረች። «ክኒኑንስ?» ራዚያ እየዋጥኩ ነው ለማለት አንገቷን ነቀነቀች። ሲስተሯ ጥቂት አመነታች። «እንዲያ ከሆነ ደሙ ቀስ እያለ ይተካል። ዛሬ ጎባ ልልካት ነበር። እስቲ ሦስት ሳምንት እንጠብቅ።»

ዛሬ በሙያዬ፣ ሰው «በዓይኔ ያየሁት ነው» ሲለኝ እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ። ያን ቀን ጥያቄው ቀላል ነበር፤ በምን አወቅህ? እውነተኛው መልስም አጭር ነበር። አላውቅም። ቃሉ አፌ ላይ አልመጣም። ራዚያ ስንመለስ መንገድ ላይ ክንዴን ይዛ ቆመችና ትንፋሿን ሰበሰበች። «አንተ ግን ጠበቃ መሆን ነበረብህ» አለችኝ። ሳቅሁ። ፊቷን አላየሁትም፤ የጭቃውን ዳር ዳር እያየሁ ነበር።

ሦስቱ ሳምንት አልሞላም። አንድ ጠዋት ምጥ ጀመራት፤ እኩለ ቀን ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። እቤት የመጣችው የሰፈር አዋላጅ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ብዙም ሳይቆይ ድምፅዋ ተለወጠ። ደሙ አልቆም አለ። የጎረቤት ፒካፕ ለምነን ፍራሽ አንጥፈን ወደ ጎባ በረርን፤ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ዝናቡ በሸራው ላይ ይወርዳል። ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌያለሁ። መሃል ላይ፣ «ከማል፣ በረደኝ» አለች። ጃኬቴን ደረብኩላት። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ሊረዳት ሞከረ። ሲወጣ እናቴን ሳይሆን እኔን አየኝ። «የፈሰሳት ያን ያህል ብዙ አይደለም» አለ። «መጀመሪያውኑ ደም አልነበራትም።»

በማግስቱ ቀበርናት። ልጁ በሦስተኛው ቀን ተከተላት።

ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ሳለ ወደ ክፍሏ ገባሁ። ቆርቆሮው ራስጌ ላይ እንዳለ ነው፤ ግማሽ ድረስ። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም፤ አንድ አንስቼ ነከስኩ። የእኔ ነበር፤ ቅቤው ምላሴ ላይ ቀለጠ። ሁለተኛውን ነከስኩ፤ አሸዋ ሆኖ ጥርሴ መሃል ተፈጨ። ሦስተኛውም አሸዋ። አራተኛውም። በዓይን ለመለየት ሞከርኩ፤ የሠራኋቸው እኔ ሆኜ መለየት አልቻልኩም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ቆርቆሮውን እስከ ታች ቀመስኩት። የእኔ ሰባት ነበሩ። የቀረው ሁሉ አፈር ነበር።

ጥርሴ መሃል አንድ ቀጭን ነገር ቀርቶ አስቸገረኝ። በጥፍሬ ሳወጣው የጭድ ስባሪ ነው። ወንዝ ዳር ያለ አፈር ጭድ የለውም። ጭድ ያለው የቤት ምርጊት ነው። ተነሥቼ በረደኝ ብላ ያሰቀለችውን ጨርቅ ገለጥኩ። ግድግዳው እንጨቱ እስኪታይ ድረስ ተቦርቡሯል፤ የእንጀራ ሰፌድ ያህል። ጠርዙ ላይ የጥፍሯ መስመር ነበር።

እናቴን ጠራኋት። ቆማ አየችው፤ አላለቀሰችም። «ያ ኢልማ» አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ «እኔም አንተን አርግዤ ከዚሁ ግድግዳ በልቻለሁ። እኔ አልሞትኩም እኮ።» ልታጽናናኝ ነበር መሰለኝ። ከለቅሶው በኋላ ጭቃ ረግጣ ራሷ መረገችው። የተመረገው ቦታ ቀለሙ ሳይመሳሰል ቤቱ እስከሚሸጥ ድረስ ቆየ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ እናቶች ጤና ስዘግብ አንዲት ሐኪም ጠየቅሁ፤ ለራሴ እንደሆነ አልነገርኳትም። «አፈሩ ደም እንዳይተካ ሊያደርግ ይችላል» አለችኝ። «ግን ብዙ ጊዜ የሚያምራት ደም ስላነሳት ነው። አምሮቱ ምልክት ነው።» ጻፍኩት። ማስታወሻ ደብተሩ እስካሁን አለ፤ ጽሑፌም እንደ ሁልጊዜው ቀጥ ያለ ነው። እኛ ቤት ግን ምልክቱን ነበር የደበቅነው። ሰውነቷ ይጮህ ነበር፤ እኔ ጩኸቱን ጣፋጭ አደረግሁት። እሷም የወንድሟን ድካም ላለማሳፈር በፊቴ የእኔን፣ ከኋላዬ ግድግዳውን በላች። ይህን በብዙ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሞክሬአለሁ። አንዱም አላቀለለልኝም።

«አጎቴ፣ አገኙት?» አለችኝ ሂክማ።

ከእኔ ጎን ያሉት አንዱን ድንጋይ እየጠቆሙ ይከራከራሉ፤ ጥላው እንዲህ ነው፣ ሽበቱ እንዲያ ነው። እጄን ሰድጄ አንዱን አነሳሁና ጥርሴ መሃል አስገባሁት። «ኧረ ጥርስዎን!» ብላ ጮኸች፤ ሰዉ ሳቀ። ኬክ ነበር። ስኳሩ ቀለጠ፣ ክሬሙ ቀለጠ። እኔ ማኘኬን አላቆምኩም፤ አሸዋው እስኪመጣ እጠብቅ ነበር።

«አየሽ፣ ጋዜጠኛ እኮ ነው!» አለ ጓደኛዬ ትከሻዬን እየመታ። ልጅቷ ዓይኖቿ አብርተዋል። «እንዴት አወቁ?»

«አላወቅሁም» አልኳት።