ሁለቱ ሳፋዎች

ፈጣሪ በሦስተኛው ቀን ውኃውን ከየብስ ሲለይ ጥቂት ስፍራ ሳይለይ የተወው፣ ለአንድ መምህር መተዳደሪያ አስቦለት ይመስላል። ይህ ሰው በዩኒቨርሲቲው የረግረግ ዕፅዋትን ሲያስተምር ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ዘጠኙንም ዓመት በየዓመቱ በሚታደስ ውል። ተማሪዎቹ «እንቦጭ» ይሉታል፤ ተነቀለ ሲባል፣ ትምህርት በተከፈተ ቁጥር ተመልሶ ተንሳፍፎ ይገኛልና።

አብረውት የሚኖሩት አማቱ ንጽሕናን ከጸሎት ቀጥሎ የሚያስቀምጡ፣ አንዳንድ ቀንም የሚያስቀድሙ ሴት ናቸው። ሱሪው ጭቃ ነክቶት በገባ ቁጥር፣ «ልጄ፣ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ዘጠኝ ዓመት ወቀጥከው፤ ምን አተረፍክ?» ይሉታል።

አንድ ቀን፣ «እማማ፣ የረግረግ ዕፅዋት ሥነ ምኅዳር መምህርነት ማስታወቂያ ወጥቷል። ቋሚ ነው» አላቸው።

«ረግረግ ላይ ደግሞ ምን የሚቆም ነገር አለ?» አሉ።

ቀልዱ መልካም ነበር፤ መምህሩ ግን አልሳቀም። ይህን ቦታ ካጣ ውሉ ከእንግዲህ እንደማይታደስ በጽሑፍ ተነግሮታል፤ ሚስቱም የመጀመሪያ ልጃቸውን ፀንሳ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች።

ስለዚህ ቦታውን ለማግኘት በፈታኞች ፊት ለሚሰጠው የሙከራ ትምህርት ቃል ብቻውን እንደማይበቃ አውቆ፣ በጓሮ ሁለት ሳፋ አኖረ። ሁለቱንም ከመንገድ ዳር ቦይ በቀዳው ጥቁር ፍሳሽ ሞላቸው። በአንደኛው ጠጠር አንጥፎ ፊላ የተባለውን ረጅም የረግረግ ሣር ተከለበት፤ ሌላውን ለማነጻጸሪያ እንዳለ ተወው። በሦስተኛው ሳምንት ፊላ ያለበት ውኃ ጠጠሩ እስኪቆጠር ጠራ፤ ሌላው እንደ ኃጢአተኛ ልብ ጠቁሮ ቀረ። በፈተናው ዋዜማ ሁለቱንም በላስቲክ ሸፍኖ አሰራቸው፤ በማግስቱም በታክሲ ጭኖ በአምስት ፈታኞች ፊት ቀረበ።

«ክቡራን» አለ፣ «ከእነዚህ አንዱ ፊላ የበቀለበት ነው፤ ሌላው ከቦይ እንደ ቀዳሁት ያለ ነው። ዓይናችሁ ይፍረድ!» ብሎም ላስቲኩን ገፈፈ።

ዓይናቸው ፈረደ። ፊላ ያለበት ውኃ ጥርት ያለ ነበር። ፊላ የሌለበት ግን ከእርሱም የበለጠ ጥርት ያለ ነበር፤ በዳር በዳሩም የሳሙና አረፋ ይዞራል።

ከፈታኞቹ አንዱ ብዕሩን አነሣና፣ «እንግዲህ ፊላ ውኃ ያደፈርሳል ብለን እንመዝግብ?» አለ።

መምህሩ ሌላ ሳፋ በስሕተት አመጣሁ ቢል ማን ይመረምረዋል? ነገር ግን ሐሰት አንዴ ከገባች ልጆቿን ጠርታ እንደምትሰፍር ያውቅ ነበርና፣ «ክቡራን፣ ይህ የአማቴ ሥራ ነው» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። የፈታኞቹ ሰብሳቢ ብቻ አልሳቁም። «ማስረጃ አለህ?»

«እሳቸው ቤት ናቸው፤ ስልክ አላቸው።»

«ደውልና ድምፁን ከፍ አድርገህ ለእኔ ስጠኝ። አንተ ግን ትንፍሽ እንዳትል።»

«አቤት ልጄ! አለፍክ?» አሉ አማቱ።

«ልጅዎ አይደለሁም» አሉ ሰብሳቢው።

«ታዲያ በልጄ ስልክ ምን ትሠራለህ? አንተ ሌባ!»

«የፈታኞቹ ሰብሳቢ ነኝ፣ እናቴ።»

ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ማር የተቀባ ነበር። «ውይ በሞትኩት! ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ፤ ዘንድሮ ሌባው በዝቶ እኮ ነው።»

«ሳፋዎቹን ነክተዋል?»

«አንዱን ጠዋት፣ እሱ ልብሱን ሲለብስ ደፋሁትና በሳሙና ፈትጌ የቧንቧ ውኃ ሞላሁበት፤ ላስቲኩንም እንደ ነበረ መልሼ አሰርኩት። ያን ጉድ ተሸክሞ እናንተ ፊት ቢቀርብ፣ ከእነማን ቤት ነው ያገባው አይባልም?»

«ሁለተኛውንስ ስለ ምን ተዉት?»

«እሱማ ምኑን ልጠበው? ያመጣቸው ለት ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ አፍንጫ የሚቆርጡ ነበሩ። ዛሬ ብከፍተው ራሱ ጠርቶ ጠበቀኝ! ማን ቀደመኝ ብዬ ልጄን ብቆጣት፣ አልነካሁም ብላ ማለች። ሣሩ ነው መሰል ቆሻሻውን የጠጣው። ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?»

«ኧረ የለም» አሉ ሰብሳቢው፤ ስልኩንም ዘግተው መነጽራቸውን አወለቁ። «ለማን እንደሚመሰክር ሳያውቅ የሚመሰክር ሰው ሠላሳ ዓመት ፈለግሁ፤ ዛሬ ሰድቦኝ ተገኘ» ብለው፣ በስተመጨረሻ እሳቸውም ሳቁ።

በሳምንቱ ደብዳቤው መጣ። ቦታው ተሰጥቶታል፤ ነገር ግን ሙከራውን በአንድ ወር ውስጥ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በተቆለፈ ክፍል እንዲደግም የሚል ግዴታ ተጽፎበታል። መምህሩ ለቤተሰቡ ጮክ ብሎ ሲያነብ አማቱ እልል አሉና ድንገት አቋረጡ።

«በተቆለፈ? ከማን ነው የሚቆልፉት?»

በፈታኞቹ ፊት እውነትን የመሰከረው ሰው ሚስቱን አየ፤ ሚስቱም ጣሪያውን አየች።

«ከተማሪዎች ነው፣ እማማ።»

«ደግ አደረጉ» አሉ አማቱ፣ ደብዳቤውን ተቀብለው በቀሚሳቸው ጫፍ እየወለወሉ። «ሰው እኮ የሰው ነገር መነካካት ይወዳል።»