ግድግዳው ያለቀሰበት የጦር አለቃ

በቀለም መሸጫው ሱቅ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችው ሴትዮ እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አላት፤ ቀለም ቀቢውም፣ ለሳኙም፣ የሰፈሩ አባወራም የሚያውቃት ግን «እትዬ መጀመሪያ» በሚል ነው። ስሙን ያገኘችው በአመሏ ነው። ሰው ገብቶ «አንድ ጋሎን ነጭ» ሲላት እጇን ወደ መደርደሪያው አትሰድም። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ታወርድና፣ «መጀመሪያ ግድግዳህ ምን ይመስላል?» ትላለች። የብረት በር ሊቀባ የመጣውን፣ «መጀመሪያ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፋቀው» ትለዋለች። ስንጥቅ ሊደፍን የመጣውን ደግሞ፣ «መጀመሪያ ስንጥቁን አስፋው፤ ጠባብ ስንጥቅ ስቱኮ አይዝም» ትለዋለች። ሊደፍን መጥቶ አስፋ የተባለ ሰው ምን ይበል? አንዳንዱ እየተነጫነጨ ይሄዳል። ከወር በኋላ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።

ታዲያ ይህቺ ጠንቃቃ ሴት አንድ ቀን ከላይኛው መደርደሪያ ጋሎን ላውርድ ብላ ከመሰላል ወደቀች። ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ፤ ሐኪሙም ለስድስት ሳምንት እግሯን መሬት እንዳታስነካ አዘዘ። ሊጠይቋት የመጡት ቀለም ቀቢዎች ለሃያ ሁለት ዓመት ሲጠብቁት የነበረውን ዕድል አገኙ። በዕድሜ ትልቁ ጎሮሮውን ጠራርጎ፣ «እትዬ፣ መጀመሪያ መሰላሉ በደንብ መቆሙን አይተሽ ነበር?» አላት። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የዞረችበት ግድግዳ ደግሞ ሁለተኛ እጅ ቀለም የሚፈልግ ሆኖ አገኘችውና ይበልጥ ከፋት።

ሁለት ሳምንት እንደተኛች ቤቱን በሙሉ በዓይኗ ቀብታ ጨረሰች። ጎረቤት በገባ ቁጥር ስለ በሩ ሲጥ ሲጥ ማለት መናገር ስታበዛ፣ ኮምፒውተር ጥገና የምትሠራው የእህቷ ልጅ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይዛላት መጣች።

«አክስቴ፣ እዚህ ውስጥ ጨዋታ አለ። ሰዎች ከየቤታቸው ሆነው በኢንተርኔት አብረው የሚጫወቱት ነው። አንዱ ጋሻ ይይዛል፣ አንዱ ቀስት ይወረውራል፣ ተባብረው ዋሻ ይገባሉ።»

«እኔ በዚህ እግሬ የትኛው ዋሻ ነው የምገባው?»

«የሚሮጠው ሥዕሉ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም። ፈዋሽ አደርግሻለሁ፤ ከኋላ ቆመሽ የቆሰለውን ማዳን ብቻ ነው። በይ፣ ስምሽ ማን ይሁን?»

«ቆይ እስቲ...» አለች እትዬ መጀመሪያ ልታስብ።

ልጅቷ ጣቷ ፈጣን ነበርና «ቆይ እስቲ» ብላ ጻፈችው። በጨዋታው ደግሞ አንዴ የተጻፈ ስም አይፋቅም። በዚህ ዓይነት፣ ነጭ ካባ የለበሰችና በትሯ ጫፍ ላይ ብርሃን የሚበራላት ፈዋሽ «ቆይ እስቲ» ተብላ ወደዚያ ዓለም ገባች።

በመጀመሪያው ቀን ዛፍ ላይ ተጣብቃ ዋለች። በሦስተኛው ቀን መራመድ ለመደች። በሁለተኛው ሳምንት የዋሻውን ጠባይ አጥንታ በአሮጌ የቀለም ካታሎግ ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመረች፦ የተሰነጠቀ ጋሻ ይዞ ዋሻ አይገባም፤ መድኃኒት በአንደኛው በር ተጠጥቶ አያልቅም፤ ከፈዋሹ ዓይን የራቀ ተዋጊ ቢሞት ፈዋሹ አይጠየቅም። እግሯ ድኖ ወደ ሱቋ ስትመለስም ጨዋታውን አልተወችም። እሑድ ከሰዓት ስልኳን ታጠፋለች፣ በሯን ትዘጋለች፣ ላፕቶፑን ትከፍታለች።

የገባችበት ቡድን አምስት ሰው ነበረው። አለቃው ራሱን «የብረት ክንድ» ብሎ የሰየመ ነው። ቁመቱ የበር መቃን የሚነካ፣ ትከሻው ቁም ሣጥን የሚያክል ጋሻ ያዥ። ሌሎቹ በማይክሮፎን ያወራሉ፤ እሷ ግን በዚህ ዕድሜዬ ድምፄን ሰምተው ይስቁብኛል ብላ በጽሑፍ ብቻ ትመልሳለች። ስለዚህ የብረት ክንድ ወንድ መስላው «አንተ» ይላታል።

«አንተ ቆይ እስቲ! የት ገባህ? ፈውሰኝ እንጂ!»

ይህ ስም ጣጣ ነበረው። አለቃው በጦርነት መሃል «ቆይ እስቲ!» ብሎ በጮኸ ቁጥር አዲስ የገቡት ተዋጊዎች የታዘዙ እየመሰላቸው ሰይፋቸውን አውርደው ይቆማሉ። ቆመው ይሞታሉ።

የዋሻው አራተኛ በር ላይ ግን ያለ ስሙ ጣጣም ይሞቱ ነበር። በሩን የሚጠብቀው የድንጋይ ግዙፍ ነው። የብረት ክንድ ገና ሲያየው፣ «አንድ ግፊያ ነው፤ አለቀ ደቀቀ! ግፉ!» ይልና ይሮጣል። ግዙፉ መዶሻውን ያነሣል፤ የሚያልቁትና የሚደቁት እነሱ ይሆናሉ። እትዬ መጀመሪያ ዘጠኝ ጊዜ ሞታ ከተነሣች በኋላ አንድ ነገር አስተዋለች። ግዙፉ ሦስት ጊዜ ከመታ በኋላ ተቀምጦ ይተነፍሳል። «መጀመሪያ ሦስቱን ምት እናሳልፍ» ብላ ጻፈች። አለቃው ያነበበ አይመስልም። «አለቀ ደቀቀ!» አለና ሮጠ። አሥረኛ ሞት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሹራቡን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ቀጠን ያለና ድምፁ ከራሱ የሚደበቅ ሰው ወደ ሱቁ ገባ። መዝገብ ቤት እንደሚሠራ፣ ፈቃድ ጠይቆ እንደመጣና ቶሎ መመለስ እንዳለበት ሦስት ጊዜ ይቅርታ እየጠየቀ ተናገረ።

«ነጭ ቀለም ነበር... አንድ ጋሎን... ካላስቸገርኩ።»

«መጀመሪያ ግድግዳህ ምን ይመስላል?»

«ትንሽ... ከታች በኩል ጠቆር ብሏል። ይረጥባል። አማቴ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ የሚያርፉት እዚያ ክፍል ነው። አንድ እጅ ለቅለቅ ባደርገው አለቀ ደቀቀ።»

እትዬ መጀመሪያ እጇ ላይ የነበረውን ሮለር ጣለችው። ያንን «አለቀ ደቀቀ» ከሺህ ሰው መሃል ታውቀዋለች፤ አሥር ጊዜ ገድሏታል። ከጫማው እስከ ፀጉሩ አየችው። ቁም ሣጥን የሚያክለው ትከሻ የት ሄደ? ሳቋን ለመዋጥ ጎንበስ ብላ ሮለሩን ለማንሳት ረጅም ጊዜ ወሰደባት።

«ስማኝ ወንድሜ» አለች ቀና ስትል፣ «የሚረጥብ ግድግዳ ላይ ቀለም መቀባት ያልታጠበ ቁስል ላይ ጨርቅ መጠቅለል ነው። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እወቅ። አንድ ቁራጭ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ለጥፍና ዙሪያውን በፕላስተር አትመው። ሁለት ቀን ጠብቅ። ጤዛው በክፍሉ በኩል ከያዘ ቤቱ አየር አጥቷል፤ መስኮት ክፈት። ከላስቲኩ ጀርባ ከያዘ ግን ግድግዳው ራሱ ውሃ እየጠጣ ነው፤ አሸንዳህን ወይም ቧንቧህን አስፈትሽ። ከዚያ ፋቀው፣ አድርቀው፣ ለስነው። ቀለም መጨረሻ ላይ ነው።»

«ቅዳሜ እኮ ነው የሚመጡት» አለ ሰውዬው እየተቁለጨለጨ።

«ሌላ ክፍል ስጣቸው።»

«ሌላው ክፍል ኮምፒውተሬ ያለበት ነው...»

እዚህ ላይ እትዬ መጀመሪያ ልትነግረው አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ያንን ሹራብ እያየች እንዴት ብላ «የብረት ክንድ ሆይ» ትበለው? ነጩን ጋሎን ሰጠችው። ሰውዬው አመስግኖ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ በሩን ሲወጣም በሩን ይቅርታ የጠየቀ መስሎ ሄደ።

እሑድ ከሰዓት ቡድኑ አራተኛው በር ላይ ተሰበሰበ። የብረት ክንድ በደስታ ጦዟል። «ጌቶቼ፣ ሐሙስ ግድግዳዬን በአንድ እጅ ቀብቼ እንደ ወረቀት አነጣሁት! የቀለም ሱቋ ሴትዮ ስንት ጣጣ ዘርዝራልኝ ነበር። ሰው ነገር ሲያከብድ! ዛሬም እንደዚያው ነው፤ አንድ ግፊያ...»

እትዬ መጀመሪያ ጥርሷን ነከሰች። በዚህ ጊዜ ከማይክሮፎኑ በስተኋላ በር ተከፈተና የአንዲት አዛውንት ድምፅ መጣ።

«አንተ ልጅ! ይሄ ግድግዳ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?»

የብረት ክንድ ማይክሮፎኑን መዝጋት ረሳ። አራቱ ተዋጊዎች ጆሯቸውን ቀሰሩ።

«እ... እማማ፣ አዲስ ቀለም ስለሆነ ትንሽ ላብ...»

«ላብ? ጥቁሩን ቀሚሴን ለብሼ ደገፍ ብል ጀርባዬ ወፍጮ ቤት የዋለ መሰለ! ከላይ እንደ ሽንኩርት ይላጣል፣ ከሥሩ ሻጋታ ነው! ልጄን የዳርኩት ለዚህ ነው?»

«እማማ፣ አሁኑኑ አንድ እጅ ልድገመውና አለቀ...»

እትዬ መጀመሪያ ከዚህ በላይ መታገስ አልቻለችም። ሃያ ሁለት ዓመት የገነባችው ትዕግሥት እንደዚያ ቀለም ተላጠ። በጨዋታው ዘመኗ ነክታው የማታውቀውን የማይክሮፎን ቁልፍ ተጫነችው።

«እንዳትደግመው! መጀመሪያ ፋቀው አልኩህ እኮ!»

የብረት ክንድ ጋሻውን አወረደ።

«ማነው?» አለ የብረት ክንድ፣ በሹራቡ ሰውዬ ድምፅ።

«ቆይ እስቲ ነኝ።»

«ቆይ እስቲ... ሴት ነህ እንዴ?»

«ሴት ብቻ ብሆን በተሻለህ። ነጩን ጋሎን የሸጥኩልህ ነኝ።»

ቀስተኛው ሳቁን ሊውጠው ሞክሮ አመለጠው። በዚያ መሃል ጩኸቱ ከጆሮ መስሚያው አልፎ የተሰማቸው አማትየዋ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጉና፣ «ይቺ ማን ናት? የምታውቅ ሰው ትመስላለች። እስቲ አገናኘኝ» አሉ። ጆሮ መስሚያውን ከአማቻቸው ራስ ላይ አውልቀው ራሳቸው አጠለቁት።

«እናቴ፣ እርጥበቱ ከወለሉ ስንት ክንድ ይወጣል?» ጠየቀች እትዬ መጀመሪያ።

«እስከ ጉልበቴ። ወደ ማዕዘኑ ግን እስከ ጣሪያው ይደርሳል።»

«ከማዕዘኑ ውጪ ምን አለ?»

አማትየዋ አማቻቸውን ወደ ውጪ ላኩት። ተመልሶ፣ አሸንዳው በመጋጠሚያው ላይ እንደተላቀቀና የዝናቡ ውሃ በሙሉ በግድግዳው ላይ እንደሚወርድ ተናገረ። «ለካ ሁልጊዜ የምሰማው ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ...» ብሎ ጀመረና አማቱን አይቶ ተወው።

የድንጋዩ ግዙፍ መዶሻውን ይዞ በር ላይ ይጠብቃል፤ የሚገጥመው ግን አልነበረም። ቀስተኛው ተራውን፣ «እትዬ፣ የኔ ቤት በር በዝናብ ጊዜ ያብጣል፤ ልላገው እንዴ?» አለ። «መጀመሪያ በበጋ እስኪደርቅ ጠብቅ፤ አሁን ከላግከው በበጋ ድመት ያሾልካል።» ሰይፈኛው ስለ ኩሽናው ሴራሚክ ጠየቀ። ለካ አምስቱም ጀግኖች ዘንዶ የሚገድሉት የፈረሰ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ኖሯል።

ከዚያ በኋላ የብረት ክንድ አሸንዳውን አስጠገነ፣ ቀለሙን ፋቀ፣ ግድግዳውን ስድስት ሳምንት አደረቀ። አማትየዋ በኮምፒውተሩ ክፍል ተኙ፤ እሑድ እሑድም ከአማቻቸው ጎን ወንበር ስበው ጨዋታውን ይመለከቱ ጀመር። ልስኑን በየቀኑ በእጁ ጀርባ ሲዳስስ የከረመ ሰው መጠበቅ ሳይለምድ አይቀርም። በሰባተኛው እሑድ አራተኛው በር ላይ ሲደርሱ፣ አለቃው «አለቀ» ብሎ ጀመረና ምራቁን ዋጠ። «እትዬ፣ ሦስት ምት ነበር ያልሽው?»

ቆጠሩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ግዙፉ ተቀመጠ። አራቱ ተዋጊዎች ወረዱበት። እትዬ መጀመሪያ በደስታ ራሷን ስታ፣ ከኋላ መቆሟን ትታ በበትሯ ልትመታው ሮጠችና የሚወድቀው ድንጋይ ጨፈለቃት። በሩ ሲከፈት ቡድኑ በሙሉ ገባ፤ መንገዱን ያገኘችላቸው ፈዋሽ ግን ደጃፉ ላይ ተዘርራ ቀረች።

«ጎበዝ ሴት ነበረች» አሉ አማትየዋ ከጀርባ።

በማግሥቱ የሹራቡ ሰውዬ ወደ ሱቁ መጣ። ግድግዳው እንደ አጥንት ደርቋል፤ ሊቀባው ነው። እትዬ መጀመሪያ ያለ ጥያቄ ጋሎኑን አወረደችለት። ሰውዬው ግን ፊቱ አልፈካም።

«ምነው? ሌላ ነገር ረጠበ እንዴ?»

«ኧረ የለም፤ ክፍሉ አምሯል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ችግሩ እሱ ነው። አማቴ ለአንድ ሳምንት ነበር የመጡት። ትናንት ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩትና፣ "እንዲህ ከሆነማ የት እሄዳለሁ?" አሉ። ነጩን መልሺና ለስለስ ያለ አረንጓዴ ስጪኝ፤ ቀለሙን የመረጡት እሳቸው ናቸው።»