ከከሳሼ ጋር በአንድ ቋጠሮ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አዲሱ ሕግ ወጣ በተባለበት ሰሞን፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ፤ ግን ሕግና ፍርድ ቤት በተነሣ ቁጥር ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ይኸው ነው። ዛሬ ሳስበው እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ሳቅ የሚባል ነገር በአጠገቤ አልነበረም።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ያኔ ገና ወጣት ነበርሁና የስፌት መኪናዬን በበቅሎ ጭኜ ከአዘዞ ጠዳ፣ ከጠዳ ቆላ ድባ ገበያ ለገበያ እዞር ነበር። በቅሎዋን የገዛኋት ግንቦት ላይ ጠዳ ገበያ ነው። ለሠርጌም ጥር ላይ ቀን ተቆርጦልኝ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ቆላ ድባ ላይ የአንድ ደንበኛ ሱሪ ስጥፍ ከኋላዬ «በሕግ አምላክ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በዚያ ዘመን ይህ ከተባለ የሚሮጥም ይቆማል፣ የተነሣ ዱላም ባለበት ይቀራል። እኔም መርፌዬን እንደ ያዝሁ ቀረሁ። ዞር ብል አንድ ሽማግሌ ገበሬ የበቅሎዬን አንገት አቅፈዋል።

«በቅሎዬ ናት! እኔው ነኝ ያሳደግኋት። የግራ ጆሮዋን እዩት፤ ጅብ የቦጨቀው ነው» እያሉ ይጮኻሉ። ሰው ሁሉ አየ። የግራ ጆሮዋ ጫፍ እውነትም የለም።

«ገዝቼ ነው» አልሁ።

«እንግዲያስ ሻጩን ጥራ።»

ሻጩን መልኩን እንጂ ስሙን አላውቅም።

«እሱ ካልሆነልህ ዋስ ጥራ።»

ዋስ ቢኖረኝ እስከ ፍርዱ ድረስ እንደ ልቤ እሄድ ነበር። ግን ለአገር ዟሪ ልብስ ሰፊ፣ ያውም በቅሎ ሰረቀ ለተባለ፣ ማን ዋስ ይሆናል? ደንበኛዬ እንኳ ያላለቀ ሱሪውን ከእጄ መንጭቆ ሄደ። ያስፈራኝ እስሩ ብቻ አይደለም፤ የእጮኛዬ አባት ልጃቸውን ለበቅሎ ሌባ እንደማይሰጡ አሳምሬ አውቃለሁ።

ዋስ ያጣ ተከሳሽ ከከሳሹ ጋር ይቆራኝ ነበር። የቆየ ልማድ ነው። ሽማግሌው የጋቢዬን ጫፍ ከጋቢያቸው ጫፍ ጋር አጥብቀው ቋጠሩት፤ ዳኛ ፊት እስክንቀርብ ላንለያይ ነው። የወረዳው ዳኛ ስላልነበሩ ጉዟችን ወደ ጎንደር ሆነ። የስፌት መኪናዬን ለአንዲት ጠላ ሻጭ አደራ ሰጥቼ ተነሣን።

ከሳሼ አያ አለምነው ይባላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግትር ናቸው እንጂ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ በቅሎዋ ግን ባዶ ጀርባዋን ትከተለናለች። እሳቸው ቢቀመጡባት እኔ በቋጠሮው እየተጎተትሁ ልሮጥ ነው። እኔ ልቀመጥ ብል ደግሞ «የኔ ናት ልትል ነው!» ብለው እምቢ ይላሉ። ሁለት ሰው በጋቢ ተያይዞ ጭቃ ሲያቦካ፣ ደልዳላ በቅሎ ባዶዋን ስትንሸራሸር ያየ መንገደኛ ሁሉ ሳቀብን። ስንቀመጥ አብረን፣ ስንነሣ አብረን። ወደ ጥሻው ዞር ማለት ባሰኘኝ ጊዜ እንኳ ፊታቸውን አዙረው «ምነው ልጄ፣ ቶሎ በል እንጂ» እያሉ ይቆማሉ።

አዘዞ ከመድረሳችን በፊት፣ በበጋ ሕፃን የሚዘለው አንድ ወንዝ አለ። ላይ አገር ዘንቦ ኖሮ ደፍርሶ ሞልቶ አገኘነው። አያ አለምነው የበቅሎዋን ልጓም ይዘው ገቡ፤ እኔም ወደድሁም ጠላሁም ተከተልሁ። መሐል ስንደርስ እግሬ የረገጠው ድንጋይ ተንከባለለና ውሃው ወሰደኝ። ዋና አልችልም። አለቀልኝ አልሁ።

ያን ጊዜ ጋቢው ተወጠረ።

«ጨርቁን ያዝ! እንዳትለቀው!» ሲሉ ሰማሁ። በአንድ እጃቸው ልጓሙን፣ በሌላው ቋጠሮውን ጨብጠዋል። በቅሎዋ እሳቸውን፣ እሳቸው እኔን እየጎተቱ ከዳር አደረሱኝ። የሸማኔው እጅ ይባረክ፤ ያ ጋቢ ሳስቶ ቢሆን ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ተደፍቼ የጠጣሁትን ውሃ ሳስመልስ አያ አለምነው ከላዬ ቆመዋል። «አንተ የማትረባ! ብትሞትብኝ ማንን እከስ ነበር?» አሉ። ከዚያም ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን እንደገና አጠበቁት።

አዘዞ አደርንና በማግሥቱ ጎንደር ችሎት ፊት ቆምን። ዳኛው ገና ሲያዩን ፊታቸውን ቋጠሩ።

«ይህ ምንድን ነው? አዲሱ ሕግ መውጣቱን አልሰማችሁም? በገዛ እጁ ሰው አስሮ የሚያመጣ ራሱ ይታሰራል። ማነው ያሰረው?»

የአያ አለምነው ፊት አመድ መሰለ። እኔም ነገሩ ወዲያው ገባኝ። «እሳቸው ናቸው» ካልሁ ሽማግሌው ወህኒ ይወርዳሉ፣ እኔ ምናልባት በቅሎዬን ይዤ ወደ ሠርጌ እሄዳለሁ። እሳቸው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደምኋቸው።

«ጌታዬ፣ ወንዙ ሞልቶብን ነበር። ይህ ቋጠሮ ባይኖር እኔ ዛሬ እዚህ አልቆምም» አልሁ። አንድም ውሸት የለበትም።

ዳኛው በላያችን የደረቀውን ጭቃ ተመለከቱና «በሉ ፍቱት» አሉ። መናገሩ ቀላል ነው! ውሃ የጠጣ ቋጠሮ አይፈታም። አያ አለምነው በጥፍራቸው፣ እኔ በጥርሴ ስንታገል ችሎቱ በሙሉ ተቀምጦ ጠበቀን። መቀሴ በኪሴ ነበረች፤ ያን ጋቢ መቁረጥ ግን አላስቻለኝም።

በመጨረሻ ተፈታ። ዳኛው ሻጩን ፈልጌ እንዳቀርብ ቀጠሮ ሰጡና «እስከዚያ ዋስ አለህ?» አሉኝ። ጎንደር ውስጥ የማውቀው ሰው አልነበረኝም።

«እኔ እሆነዋለሁ» አሉ አያ አለምነው።

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። «ከሳሽ ለተከሳሽ ዋስ ይሆናል እንዴ?» አሉ ዳኛው።

«ምነው ጌታዬ? እንዳይጠፋ ከኔ በላይ የሚጠብቀው ማን አለ?»

ዳኛው አፋቸውን በእጃቸው ከልለው ከጸሐፊው ጋር ተነጋገሩ። በአዲሱ ሕግ ይህን የሚከለክል አላገኙም መሰለኝ፣ ፈቀዱ።

ሻጩን ጠዳ ገበያ ያገኘነው ከዋሴ ጋር አብረን ስንዞር ነው። ችሎት ሲቀርብ አልካደም፤ ባዝና ያገኛትን በቅሎ ነበር የሸጠልኝ። እኔ ነፃ ወጣሁ፣ ገንዘቤም ተመለሰልኝ። በቅሎዋን አያ አለምነው ወሰዱ።

ጥር ላይ፣ የሠርጌ ዕለት ጧት፣ አያ አለምነው ያችኑ በቅሎ አስጊጠው ደጄ ቆሙ። «ሙሽራህን አምጣባት» አሉኝ። እንባዬ መጣና ልስማቸው ስጠጋ እጃቸውን ዘርግተው አገዱኝ።

«ቆይ! መጀመሪያ ዋስ ጥራ።»

እሳቸው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። አዲሱን ሕግ አልጠላውም፤ ሰው እንደ ከብት እየተጠመደ መሄዱ ቀርቶ ልጆቼ ያን ሳያዩ በማደጋቸው ደስ ይለኛል። ዛሬ ያ ወንዝ ድልድይ አለው። ግን በክረምት ስሻገረው እጄ ሳላዘው የጋቢዬን ጫፍ ይፈልጋል። ጫፉ ባዶውን ሲሆንብኝ፣ አያ አለምነው ይናፍቁኛል።